ልጆችን ይዞ ወዳደጉባት ሐዋሳ መሄድ፦ የክረምት ጉዞ ዝርዝር መመሪያ

ሐዋሳ አድገው ዛሬ በአዲስ አበባ ኑሮ የመሠረቱ ብዙ ወላጆች ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ከተማቸው ይወርዳሉ። ጉዞው ግን ብዙ ጊዜ እንዳሰቡት አይሆንም። ልጆቹ አራት ቀን ሙሉ ከአንዱ ሶፋ ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ ሰንብተው ሐይቁን የሚያዩት በመኪና መስኮት ነው፤ አንዲት አክስት «ከተማው ውስጥ ሰንብተው ሳያዩኝ ሄዱ» ብላ ትቀየማለች፤ ከተመለሱ በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ አንዱ ልጅ ያተኩሰዋል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው እነዚህ ሦስት ነገሮች በየዓመቱ በየቤቱ ስለሚደጋገሙ ነው።

በእኔ ልምድ ጉዞውን የሚያበላሸው የገንዘብ ማነስ ሳይሆን የቅደም ተከተል መዛባት ነው። ሐዋሳ ላይ በክረምት ጠዋቱ ብዙውን ጊዜ ብራ ሆኖ ዝናቡ ከሰዓት በኋላና ማታ ይበረታል፤ ሐይቁም ጠዋት ረግቶ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ያናውጠዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ለለቅሶና ለአዛውንት፣ ከዚያ በኋላ ያለው ጠዋት ሁሉ ለልጆች፣ ከሰዓት በኋላው ደግሞ ለዘመድ ይመደብ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ክፍፍል ላይ የቆመ ነው።

ደረጃ 1፦ ቀኑን ከጾሙና ከንግሡ ጋር አስተያይተው ይቁረጡ

ቀን የሚቆረጠው ከሥራ ፈቃድ አንጻር ብቻ ከሆነ ስሕተቱ ከዚያ ይጀምራል። በቅድሚያ የዘመን መቁጠሪያውን ይክፈቱና ሦስት ነገሮችን ምልክት ያድርጉባቸው።

1. ጾመ ሐዋርያት የሚፈታው ሐምሌ 5 ቀን ነው። ጾመ ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1 ሲሆን የሚፈታው ነሐሴ 16 ነው። ዘመድዎ የሚጾም ከሆነ በፍልሰታ መሄድ አስተናጋጁንም እንግዳውንም ያስቸግራል። ዶሮ ማረድ የለመደች እናት ልጆቿ መጥተው ሽሮ ማቅረብ ይከብዳታል፤ ብዙ ቤተሰብ ደግሞ በፍልሰታ ዓሣም ስለማይበላ ልጆችዎን ዓሣ አበላለሁ ያሉት ነገር ይቀራል።

2. ሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ነው። ለሐዋሳው ቅዱስ ገብርኤል ከየአገሩ ምእመን ስለሚጎርፍ ከሦስትና ከአራት ቀን በፊት ጀምሮ የመኝታ ክፍል ይጠፋል፤ የትራንስፖርት ወረፋውም ይረዝማል። እኛ አንድ ዓመት ሐምሌ 17 ቀን ማታ ያለ ቀጠሮ ደርሰን ሁለት ትናንሽ ልጆች ይዘን እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ክፍል ስንፈልግ ቆይተናል። ንግሡን ለማክበር የሚሄዱ ከሆነ ከወር በፊት ክፍል ይያዙና ሐምሌ 15 ወይም 16 ቀን ይግቡ፤ ለማክበር ካልሆነ ደግሞ እነዚያን ቀናት ፈጽሞ ይለፏቸው።

3. የዩኒቨርሲቲው ምረቃ የሚውልበትን ሳምንት ከተማው ውስጥ ያለ ዘመድ ጠይቀው ይወቁ። በዚያ ሳምንትም ሆቴሎች በተመራቂ ወላጆች ይሞላሉ።

እነዚህን ካወጡ በኋላ ሁለት ምቹ ክፍተቶች ይቀራሉ፤ አንዱ ከሐምሌ 6 እስከ 14፣ ሌላው ከሐምሌ 21 እስከ 29 ያለው ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ከተማው ከንግሡ ግርግር አርፎ ሰው ሁሉ ቤቱ የሚገኝበት ጊዜ ነውና። ቆይታው ከአምስት ሌሊት አይነስ። ሦስት ሌሊት ዘመድ ለመጠየቅም ሆነ ሐይቅ ለማየት አይበቃም፤ ሁለቱን ለማድረግ ሲሞከር ሁለቱም ይበላሻሉ።

ደረጃ 2፦ የሰዎቹን ዝርዝር በወረቀት ይጻፉ

ይህን ደረጃ በጭንቅላት ለመሥራት አይሞክሩ። ባልና ሚስት ተቀምጠው፣ ከተማው ውስጥ ላለ አንድ የታመነ ዘመድ ስልክ ደውለው፣ በአራት ክፍል ይጻፉ።

- ለቅሶ ያልደረሱባቸው ቤቶች። ከመጨረሻው ጉዞዎ ወዲህ ሰው የሞተባቸውን ሁሉ ይመዝግቡ። በስልክ ማጽናናትዎ ቁጥር ውስጥ አይገባም። ዓመት ያለፈው ሐዘን እንኳ ቢሆን እግርዎ ከተማውን በረገጠበት ጊዜ ሊደረስ ይገባዋል።
- ከቤት የማይወጡ አዛውንትና ሕሙማን። እነርሱ ወደ እርስዎ መምጣት ስለማይችሉ መሄዱ የእርስዎ ግዴታ ነው።
- ወላድ፣ አዲስ ሙሽራና አዲስ ቤት የገባ።
- የቀሩት ሁሉ። የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ የድሮ ጎረቤት፣ የሩቅ ዘመድ እዚህ ይገባል።

በእያንዳንዱ ስም አጠገብ ሰፈሩንና ስልኩን ይጻፉ፤ ሰዎች ቤት ቀይረው ይሆናል። ወደ ሠላሳ ቤት ቢደርስ አይደንግጡ፤ ሠላሳውንም ቤት አይዞሩም። አራተኛውን ክፍል እንዴት በአንድ ቀን እንደሚጨርሱት በደረጃ 9 ተገልጿል።

ማስጠንቀቂያ፦ የሚሄዱበትን ቀን ለሁሉም ሰው አይናገሩ። አንዱ ጋ ደውለው ሌላውን ከረሱ ወሬው ከእርስዎ ቀድሞ ይደርሳል። ለሽማግሌዎቹና ለሚያስተናግድዎ ቤት ብቻ ይንገሩ፤ ለቀሩት ከገቡ በኋላ በማግስቱ ጠዋት በአንድ ቁጭታ በተከታታይ ይደውሉ።

ደረጃ 3፦ የማደሪያውን ጉዳይ አስቀድመው ይጨርሱ

ቤተሰብ ውስጥ ቅሬታ ከሚፈጥሩ ነገሮች ዋነኛው ይህ ነው። ሆቴል ይዘው መገኘትዎ በድንገት ከታወቀ «እኛ ሞተናል ወይ፣ ቤት እያለ ሆቴል የምታድሩት?» መባሉ አይቀርም። በሌላ በኩል ደግሞ አምስት ሰው በአንድ የዘመድ ሳሎን ሳምንት መክረሙ ለአስተናጋጁም ለልጆቹም ይከብዳል።

የሚሠራው መንገድ ይህ ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት በዕድሜ ትልቁ ሰው ቤት ያድራሉ፤ ይህን በስልክ ሲናገሩም «የመጀመሪያው ቀን ከእርስዎ ጋር ነን፣ ከዚያ ልጆቹ እንዳያስቸግሩዎ እዚያው አጠገብ ክፍል ይዘናል» ብለው ሁለቱን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገሩ። የመጀመሪያው ሌሊት ክብር ስለሆነ ተከታዩ አያስቀይምም።

ፔንሲዮን ወይም ሆቴል ሲይዙ ከዋጋው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ አልጋው አጎበር አለው ወይ? የመስኮቱ ወንፊት ደህና ነው ወይ? ውሃ ሌሊትም ይኖራል ወይ? ሐይቅ ዳር ያለ ክፍል ደስ ይላል፤ ትንኙም የሚበዛው እዚያው ነው። ልጆችዎ ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ከሐይቁ ፈቀቅ ያለ ማደሪያ ይምረጡ።

ደረጃ 4፦ ልጆቹን ያዘጋጁ

ብዙ ወላጅ ሻንጣ እንጂ ልጅ አያዘጋጅም። አዲስ አበባ ያደገ ልጅ የማያውቃቸው ሃያ ሰዎች በአንድ ቀን አገላብጠው ሲስሙት ይሸሻል፤ መሸሹም እንደ ብልግና ይቆጠርበታል።

ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ጀምረው ማታ ማታ በስልክዎ ያሉትን ፎቶዎች እያሳዩ «ይቺ የአባትህ አክስት ናት፣ እትዬ ብለህ ትጠራታለህ፤ እኚህ ደግሞ አባባ ናቸው፣ ጉልበታቸውን ትስማለህ» እያሉ ያለማምዱ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ታሪክ ይንገሩ፤ ልጅ የሚያስታውሰው ስሙን ሳይሆን ታሪኩን ነው። ሰባት ዓመት ለሞላው ልጅ አንድ ሥራ ይስጡት፦ ለምሳሌ ከእያንዳንዱ አዛውንት አንድ ጥያቄ ጠይቆ መልሱን በደብተር መጻፍ። «እናቴ ልጅ እያለች ምን ታጠፋ ነበር?» የሚል ጥያቄ ሳሎኑን ሁሉ ያነቃቃዋል፤ ልጁም ሶፋ ላይ የተጣለ ዕቃ መሆኑ ይቀራል።

የቡርሳሜን ነገርም አስቀድመው ያስረዱ። የሲዳማ ዘመድ ወይም ጎረቤት ካለዎት በቅቤ የራሰ ቆጮ በወተት ይቀርብልዎታል። ይህ የክብር ምግብ ነው፤ ልጁ አፍንጫውን ቢይዝ የሚያፍሩት እርስዎ ነዎት። ቅቤ ላልለመደ ሆድ ሁለት ሦስት ጉርሻ እንደሚበቃ ለአስተናጋጇ ቀስ ብለው ይንገሩ፤ ከዚያ በላይ ከበላ ሌሊቱን ያስለቅሰዋል።

ደረጃ 5፦ ሻንጣውንና ገንዘቡን ያሰናዱ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ግድም ስትሆን ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቀኑ ሞቅ ይላል፣ ማታው በዝናብ ይቀዘቅዛል። ስስ ልብስ ከአንድ ሹራብና ከዝናብ ልብስ ጋር ይበቃል፤ እጅጌ ሙሉና ሱሪ ግን ለማታ የግድ ነው። ከእነዚህ ሌላ የሚከተሉትን አይርሱ።

- ለእያንዳንዱ አልጋ አንድ አጎበር። ማደሪያው አለኝ ቢልም ይያዙ፤ የተቀደደ አጎበር ከሌለ አይሻልም።
- የትንኝ መከላከያ ቅባት፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ የሙቀት መለኪያ፣ የልጆቹ የዘወትር መድኃኒት።
- ለለቅሶ ነጠላ። ሴቶች ጥቁር ቀሚስ ይጨምሩ።
- የሁለቱም ወላጆች መታወቂያ፤ መንገድ ላይ ኬላ ስላለ በእጅ ቦርሳ ይሁን።

ነፍሰ ጡር ካለች ወይም ከዓመት በታች ሕፃን ከያዙ ከመነሣትዎ በፊት ስለ ወባ መከላከያ ሐኪም ያማክሩ።

ገንዘቡን በሦስት ፖስታ ይክፈሉ። አንደኛው ለመንገድ፣ ለማደሪያና ለምግብ ነው። ሁለተኛው ለለቅሶ ቤትና ለአዛውንት እጅ ነው፤ ይህን በዝርዝርዎ ልክ አስቀድመው ቆጥረው፣ ሽርፍራፊውን ከባንክ አውጥተው ይያዙ። ሦስተኛው ለሕክምና ነው፤ አይነካም። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ከአንደኛው ጋር ይቀላቅልና በአራተኛው ቀን ባዶ እጁን ይቀራል። ለአዛውንት የሚሰጥ ገንዘብ ሲሰናበቱ እጅ ሲነሡ በመዳፍ ይሰጣል እንጂ በሰው ፊት አይቆጠርም።

ስጦታን በተመለከተ ቡና ይዘው አይሂዱ፤ የሲዳማ ቡና አገር ነውና። ስኳር፣ የሚያምር ነጠላ፣ ለአዛውንት ጋቢ ወይም ለስኳር ሕመምተኛ የሚስማማ ነገር ይሻላል።

ደረጃ 6፦ መንገዱን በቀን ብርሃን ይጨርሱ

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ በኩል 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ልጅ ይዘው ከእነ ማረፊያው ከ5 እስከ 7 ሰዓት ይመድቡ።

1. ከአንድ ቀን በፊት በመንገዱ ላይ የሚሠራ ሹፌር ወይም ሻሸመኔ ያለ ሰው ደውለው የመንገዱን ሰላም ያረጋግጡ። ጥርጣሬ ካለ ጉዞውን በአንድ ቀን ያሸጋግሩ፤ ለማንም ሲሉ በግምት አይውጡ።
2. ነዳጅ አዲስ አበባ ላይ ሞልተው፣ ጎማና የዝናብ መጥረጊያ አስፈትሸው ይደሩ።
3. ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይነሡ። ዘግይተው ከወጡ ሻሸመኔን የሚያቋርጡት በግርግሩ ሰዓት፣ ሐዋሳ የሚደርሱት ደግሞ በዝናብ ነው።
4. በየሁለት ሰዓቱ ይቁሙ። መኪና የሚያስመልሰው ልጅ ካለ ከፊት አጠገብ ያስቀምጡት፤ ቁርሱም ደረቅ ዳቦና ሻይ እንጂ ወተትና እንቁላል አይሁን። ባቱ ጥሩ ማረፊያ ናት።
5. ከባቱ በኋላ ከብት፣ የአህያ ጋሪና ባጃጅ ድንገት መንገድ ይገባሉ። ፍጥነት ይቀንሱ፤ በተለይ የገበያ ቀን ከሆነ።

በአውቶቡስ የሚሄዱ ከሆነ የሐዋሳ መኪና ከቃሊቲ መናኸሪያ ይነሣል። ትኬቱን ከአንድ ቀን በፊት ይቁረጡ፤ ለልጆቹም ወንበር ይግዙ። ሁለት ልጅ በጭን ይዞ ስድስት ሰዓት መጓዝ የመጀመሪያውን ቀን ያበላሻል። በአውሮፕላን የሚሄዱ ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ የሚቀበል መኪና አስቀድመው ያዘጋጁ።

መንገድ ላይ ከዘገዩ፦ መሽቶብዎት ሻሸመኔ ከደረሱ ከዚያ ሐዋሳ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን ዝናቡ ከበረታ «ደረስን» ብለው አይቸኩሉ። ለአስተናጋጅዎ ደውለው እራት እንዳይጠብቁ ይንገሩና ቀስ ብለው ይግቡ።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው ቀን፦ ከሐይቁ በፊት ለቅሶ

ይህ ከሁሉም ደረጃ ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከደረስን በኋላ ልጆቹ ስለራባቸው በቀጥታ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቅ ዳር መዝናኛ ወሰድናቸው፤ ዓሣ በላን፣ ፎቶ ተነሣን። ባሏን በዚያው ዓመት የቀበረች አክስቴ ቤት የደረስነው በማግስቱ ነበር። የጎረቤቷ ልጅ ሐይቅ ዳር አይቶን ኖሮ ከእኛ ቀድሞ ነግሯታል። አክስቴ ምንም አልተናገረችም፤ ቡናውን አፍልታ ዝም ብላ ቀዳችልን። ያንን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ይህንን መመሪያ ስጽፍም ከሁሉ በላይ እንዲያዝልኝ የምፈልገው ነገር ይኸው ነው።

ስለዚህ፦

1. ዕቃ አውርደው፣ ልጆቹን አብልተው፣ ልብስ ቀይረው ይውጡ። ልጆቹ ከደከሙ አንዱ ወላጅ ከእነርሱ ጋር ይቅር፤ ለቅሶ ቤት ግን ቢያንስ አንዳችሁ በዚያው ዕለት ግቡ።
2. ከአንድ በላይ ለቅሶ ካለ ከቅርብ ሥጋ ዘመድ ይጀምሩ። እኩል ከሆኑ ሐዘኑ የቅርብ ጊዜ የሆነው ይቅደም።
3. ሲገቡ ሳቅና ሰላምታ አያብዙ። ይቀመጡ፣ ጥቂት ዝም ይበሉ፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይበሉ። የአሟሟቱን ነገር እርስዎ አይጠይቁ፤ መናገር ከፈለጉ ራሳቸው ያወሩልዎታል፣ ያን ጊዜ እስኪጨርሱ ያዳምጡ።
4. ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይበቃል። ከለቅሶ ቤት ወጥተው በቀጥታ ወደ ሌላ ለቅሶ ወይም ወደ አዛውንት ቤት ይሂዱ።

በመሐል ካልታወቀ ለቅሶ ጋር ከተገናኙ፦ ዝርዝርዎ ላይ የሌለ ሞት ሦስተኛው ቀን ላይ ሊሰሙ ይችላሉ። የዚያን ቀን የሐይቅ ፕሮግራም ወደ ማግስቱ አዛውረው በቀጥታ ይሂዱና «አሁን ነው የሰማሁት» ብለው እውነቱን ይናገሩ። ሰው ያላወቀን ይቅር ይላል።

ደረጃ 8፦ ጠዋቶቹን ለልጆች ያውሉ

ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ አይነካም። ዘመድ ቁርስ ቢጠራዎት «ከሰዓት በኋላ እንመጣለን» ይበሉ። ይህን አንዴ ካፈረሱ ጠዋቶቹ ሁሉ ይሄዳሉ።

አሞራ ገደል (ሐይቅ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ)። ማልደው ይሂዱ። አጥማጆች የሌሊቱን ዓሣ የሚያወጡት በጠዋት ስለሆነ ዓሣ ሲበለት፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም ትርፍራፊ ሲጠብቁ የሚታየው በዚያን ሰዓት ነው። ለልጆች ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ተጠብሶ ወይም የዓሣ ሾርባ ይዘዙ። ጥሬ ዓሣ በዳጣ የሚወደድ ምግብ ቢሆንም ለልጅ አይሰጥ፤ ጥገኛ ትል ሊኖረው ይችላል። የቆሮሶ አጥንት ደቃቅ ስለሆነ ለትናንሾቹ እርስዎ ፈልፍለው ያጉርሷቸው። አጥንት ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረና ልጁ መተንፈስና መናገር ከቻለ እንጀራ በእንጀራ ላይ እያጎረሱ አይግፉት፤ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

ጦጣዎቹን አይመግቡ፤ ልጁም በእጁ ምግብ ይዞ አይራመድ። ጦጣ ከቧጨረ ወይም ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል አጥበው በዚያው ዕለት ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሐኪም ይጠይቁ። «ትንሽ ጭረት ናት» ተብሎ አይታለፍም።

ጀልባ። ከ4 ሰዓት በፊት ይሳፈሩ። መጀመሪያ ዋጋውንና የሚቆይበትን ሰዓት፣ ቀጥሎም የተሳፋሪውን ቁጥር ይስማሙ፤ ከዚያ የሕይወት አድን ጃኬቱን በዓይንዎ ይዩ። በልጁ ልክ የሆነ ጃኬት ከሌለ አይሳፈሩ፤ ልጅ ከአዋቂ ጃኬት ውስጥ ሾልኮ ውሃ ውስጥ ይገባል። ሐይቁ ጉማሬ አለው። ጀልባ ነጂው ልጆቹን ለማስደሰት ሊቀርብ ቢሞክር ይከልክሉት፤ ጉማሬ ሲቆጣ ጀልባ ይገለብጣል። ነፋስ ከተነሣ የከፈሉት ሰዓት ባያልቅም ይመለሱ።

ውሃ ውስጥ መግባት። እኛ ልጅ እያለን ሐይቁ ውስጥ ስንንቦራጨቅ አድገን ይሆናል፤ ልጆቻችሁን ግን አታስገቡ። በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ቢልሃርዚያ መኖሩ የተረጋገጠ ነው። ተሐዋሲው ሣር ባለበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ካሉ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ በቆዳ ይገባል፤ እግር ነክሮ መቆም እንኳ ይበቃዋል። መዋኘት የሚፈልግ ልጅ ካለ የሆቴል መዋኛ ይውሰዱት።

ታቦር ተራራ። ሌሊቱን ብዙ ካልዘነበ በአንዱ ጠዋት ይውጡ። ከላይ ሐይቁም ከተማውም በአንድነት ይታያሉና «የእኛ ሰፈር ያ ነው፣ ትምህርት ቤቴ እዚያ ጋ ነበር» ብሎ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ሌሊት ከዘነበ ጭቃው ያንሸራትታል፤ ለሌላ ቀን ያቆዩት። በጠዋትም ሆነ በማታ ብቻዎን አይውጡ፤ የአካባቢውን ወጣት አብሮ ይዞ መውጣት መልካም ነው።

ጠዋቱ በዝናብ ከተበላሸ፦ የዚያን ዕለት ቀኑን ይገልብጡት። ጠዋት አንድ ቤት ይጠይቁ፣ ከሰዓት በኋላ ካባራ በሐይቁ ዳር በእግር ይንሸራሸሩ። ጀልባ ግን ከሰዓት በኋላ አይሳፈሩ።

ደረጃ 9፦ ከሰዓት በኋላ፦ በቀን ከሁለት ቤት አይበልጥም

አንድ ቤት ሲገቡ ቡና ይፈላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪደርስ ከእነ ምግቡ ሁለት ሰዓት ይወስዳል፤ በረካ ሳይጠጡ መነሣትም አያምርም። ስለዚህ ከ8 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት የሚበቃው ለሁለት ቤት ነው። «አንድ ደቂቃ ብቅ ብለን እንወጣለን» የሚባል ነገር ሐዋሳ ላይ የለም፤ በዚህ ሒሳብ አራት ቤት የያዘ ሰው ሦስተኛውን ቤት በምሽቱ 2 ሰዓት ጨርሶ አራተኛውን ያስቀይማል።

ምሳን ቀለል አድርገው ይብሉ። በሁለቱም ቤት ይቀርባል፤ «ጠግበናል» ማለት አይሠራም። ልጆቹ አንዱ ቤት ላይ በደንብ፣ ሌላው ቤት ላይ ለክብር ያህል ይብሉ።

እሑድ ጠዋት የወንጌላውያን አማኝ ዘመድ ቤት አይሂዱ፤ አምልኮው ረጅም ስለሆነ ቤቱን ተዘግቶ ያገኙታል። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ዘመድ ጋ ልጆቹ ሥጋ እንዳይጠይቁ አስቀድመው ይንገሯቸው።

አራተኛው ክፍል ውስጥ የጻፏቸው ሰዎች የሚጠየቁት በአንድ ቀን ነው። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ የመጀመሪያውን ሌሊት ያደሩበት ትልቁ ሰው ቤት ሁሉንም ይጥሩ። ወጪው በሙሉ የእርስዎ ይሁን፤ በጉን፣ ለስላሳውን፣ የቡናውን ቁርስ ራስዎ ይግዙ፤ የምታሠራውን ዘመድም በገንዘብ ያግዙ። የጥሪው ስልክ ግን በሽማግሌው ስም ይደወል፦ «ጋሼ ሁላችሁንም ልይ ብለዋል» ሲባል «ለምን እኔ ቤት አልመጣም» የሚል አይኖርም። በዚህ ዘዴ እኛ አሥራ ሰባት ቤት በአንድ ከሰዓት በኋላ ጠይቀናል፤ ልጆቹም ከዘመዶቻቸው ልጆች ጋር ግቢ ውስጥ ኳስ ሲጫወቱ ዋሉ።

የሚሄዱበት ቤት ከጠፋብዎ፦ ሰፈሮቹ ብዙ ተለውጠዋል፤ ወጣቱ የባጃጅ ሹፌርም የድሮውን መጠሪያ ላያውቅ ይችላል። አቶቴ፣ ፒያሳ፣ አሮጌ ገበያ ድረስ በባጃጅ ይሂዱና ከዚያ በዕድሜ የገፋ ባለሱቅ ይጠይቁ። ዋጋ ሳይስማሙ ባጃጅ አይግቡ።

ደረጃ 10፦ ያደጉበትን ቤትና ትምህርት ቤት ማሳየት

ቤቱ ዛሬ የሌላ ሰው ከሆነ በጥንቃቄ ይቅረቡ። የቤትና የይዞታ ጉዳይ ያላስጨነቀው ሰው ስለሌለ አንድ ቤተሰብ በር ላይ ቆሞ ግቢ ሲመለከትና ፎቶ ሲያነሣ ውስጥ ያሉት ሰዎች ቤቱን ሊጠይቅ የመጣ ወራሽ ይመስላቸዋል። እንዲህ ያድርጉ።

1. መጀመሪያ አሁንም እዚያው ያለ ጎረቤት ይፈልጉ፤ እርሱ አስተዋውቆ ያስገባዎት።
2. ስልክዎ ኪስዎ ውስጥ ይቆይ።
3. በሩ ሲከፈት በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ዓላማዎን ይናገሩ፦ «እዚህ ቤት ነው ያደግሁት። ልጆቼ ያደግሁበትን ግቢ እንዲያዩ ብዬ ነው፤ ሌላ ጉዳይ የለኝም።»
4. ከገቡ «ይህ የእኛ ሳሎን ነበር፣ ይህን አጥር አባቴ ነው ያጠረው» አይበሉ። ዛፍ ካለ ስለ ዛፉ ይናገሩ።
5. ፎቶ ከፈለጉ ሲወጡ ይጠይቁ፤ የቤቱን ሰዎችም አብረው ያንሡ።

እምቢ ካሉ አመስግነው ይሂዱ፤ ልጆቹን ከመንገዱ ማዶ ቆመው ያሳዩ።

ትምህርት ቤት በክረምት ዝግ ቢሆንም ጥበቃና አንዳንድ የአስተዳደር ሠራተኞች በሥራ ቀን ይገኛሉ። ቅዳሜና እሑድ ከሄዱ ጥበቃው ለማስገባት ሥልጣን የለውም። መታወቂያ ይያዙ፣ በትሕትና ይጠይቁ፣ ክፍልዎን ብቻ አሳይተው ይውጡ።

ደረጃ 11፦ መሰናበትና ከተመለሱ በኋላ የሚደረግ ክትትል

ከመውጣትዎ በፊት ባለው ማታ ሽማግሌውን ሄደው ይሰናበቱ፤ ምርቃት ሳይቀበሉ አይውጡ። በጠዋት የሚነሡ ከሆነ የስንብት ቁርስ እንዳይዘጋጅ አጥብቀው ይናገሩ፤ አለበለዚያ ከ4 ሰዓት በፊት አይለቁም።

ከተመለሱ በኋላ የወባን ነገር በጥንቃቄ ይከታተሉ። ምልክቱ በአብዛኛው ትንኝ ከነከሰች ከአንድ ሳምንት እስከ አንድ ወር ባለው ጊዜ ይታያል፤ ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ከወራት በኋላም ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ የተመለሱበትን ቀን በማቀዝቀዣው በር ላይ ጽፈው ይለጥፉ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት ወይም ማስመለስ ከታየ በዚያው ቀን የደም ምርመራ ያስደርጉ። ሐኪሙ ሳይጠይቅዎ «ሐዋሳ ሰንብተን ነው የመጣነው» ብለው ይናገሩ። ይህን የምለው አንዱ ልጃችን ከተመለስን በአሥራ አንደኛው ቀን አተኩሶት አንድ ክሊኒክ ለጉንፋን ሁለት ቀን ሲያክመው ስለቆየ ነው፤ እኛም የት እንደነበርን መናገር አልታሰበንም ነበር። ምርመራው አንዴ ነጻ ቢልና ትኩሳቱ ቢቀጥል በማግስቱ ይድገሙት።

ልጁ ተከልክሎም ቢሆን ሐይቁ ውስጥ እግሩን ከነከረ አይቅጡት፤ ይልቁንም እንዲነግርዎ ያበረታቱት። የቢልሃርዚያ የሰገራ ምርመራ በማግስቱ ቢደረግ አያሳይም፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ያስመርምሩት። መድኃኒቱ በልጁ ክብደት ተለክቶ የሚሰጥ ስለሆነ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ ገዝተው አይስጡ።

በመጀመሪያው ሳምንት ለቅሶ ለደረሱባቸው ቤቶችና ለአስተናገደዎት ሽማግሌ ደውለው በሰላም መግባትዎን ይንገሩ፤ ስልኩን ለልጆቹም ያቀብሏቸው። ያነሷቸውን ፎቶዎች አሳትመው ወደ ሐዋሳ በሚሄድ ሰው ይላኩ፤ አብዛኞቹ አዛውንት የስልክ ፎቶ ማየት ይቸግራቸዋል። ደረጃ 2 ላይ የጻፉትን ዝርዝር አይጣሉት፤ ያልደረሱባቸውን ቤቶች ምልክት አድርገው፣ የተቀየሩትን ስልኮች አስተካክለው ለሚመጣው ክረምት ያስቀምጡት።